ይምከሯት እንጂ

በርበሬዬን ሸጬ ልጄን ለማየት ዱባይ ተራ ሄድኩ። ሰው ወደ ፎቅ የሚያነሳ ማሽን ለመንዳት ሰልጥና ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ቀጣሪዋ፣ የምትሠራበት ሕንፃ ባለቤት፣ የተሰቀለለትን ማስታወቂያ ሊያይ ከማሽኑ ቅርጫት ገብቶ «አውጪኝ» ይላታል። እሷ «መጀመሪያ የደህንነት ቀበቶውን ይታጠቁ» ትላለች።

«ነገ ሥራ የለሽም» አላት። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አባቷ ነዎት አይደል? ይምከሯት እንጂ።»

እውነት ነው፣ ታላቅን ታዘዢ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። «የሰለጠነችው እሷ ናት፤ እኔም ብገባ ሳልታጠቅ አታወጣኝም» አልኩት።

እያጉረመረመ ታጠቀ። ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ግትርነቷ ከእርስዎ ነው! ነገም እሷው ታውጣኝ» ሲል ሰማሁት። እኔ ሰው ፊት አልስቅም፤ ያን ቀን ግን ሳቅኩ።