ከሚላን እስከ ሙኒክ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጎንደር ወደ ኮላ ድባ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ የአውሮፓ ከተሞችን ርቀት የሚጠይቅ የስልክ ጨዋታ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ከሚላን እስከ ሙኒክ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ዞር አሉ።

«ስንት ሆነ ልጄ?»

«በቀጥታ ሦስት መቶ ሃምሳ ግድም፣ አባባ። ባሕር ዳር ደርሶ መልስ በሉት።»

«ይኸው ነው? ሩቅ ነው አለኝ እኮ!»

«ማን?»

«ሚላን ያለው ልጄ። እኅቱ ሙኒክ ወልዳ ብቻዋን ናት። አራስ ብቻዋን ትተኛለች? በይ ደውዪልኝ።»

ደወለችላቸው።

«አንተ! ተነሥና እኅትህ ዘንድ ሂድ። ገንፎ ማገንፋት ትችላለህ? አትችልም? እንግዲያ ስማኝ፤ ውሃው ሳይፈላ ዱቄት እንዳትጨምር...»

ቅቤው ላይ ሲደርሱ መውረጃዬን አልፌ ነበር።