ሎሚው ቀድሞ የገባበት ድንች

"ኧረ ዛሬስ ሙቀቱ ለጉድ ነው ማሪጎዬ! አባ ደግሞ ቅዳሴውን ጎተቱት ጎተቱት… እግሬ አብጦ በስንት መከራ ደረጃውን ወጣሁ። ነይ እስቲ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ እዚያ ትንሽ ነፋስ አለ። ቲማቲሙስ እንዴት ሆነልሽ ዘንድሮ? የእኔስ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ።"

እትዬ ስታማታ ይህን ሲሉ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ድንቹን እየላጡ ውኃ ውስጥ ይጥላሉ፣ የላጡትን ያወጡና ይቆርጣሉ። ጎረቤታቸው እትዬ ማሪጎ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራቸው። ይሄ ለእትዬ ስታማታ ትልቅ ጸጋ ነው። ለሌላ ሰው ያዘጋጁትን ነገር ሁሉ ለማሪጎ እየነገሩ ቤቱን ሙሉ ያሰሙታል።

ዛሬ ሌላው ሰው ሳራንቶስ ነው። ከግሪኳ ካላማታ ከተማ ወደ ተራራው ሲወጣ ባለችው በዚህች መንደር የብሎንና የቀለም ሱቅ አለው። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ የእትዬ ስታማታን ልጅ አርጊሮን ደግሞ ይወዳታል። ይወዳታል ስላችሁ ከልቡ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እዚህ ቤት ምሳ በልቷል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ "ልጅዎን ይስጡኝ" የምትለዋን ነገር ከምሳ በኋላ እናገራለሁ ሲል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፉ ሲመጣ ኖሯል። ባለፈው እሑድ አርጊሮ ደረጃው ላይ አቁማው "በሚመጣው እሑድ ለእናቴ ካልተናገርክ በቃ፣ አበቃ" ብላዋለች። ያ እሑድ ዛሬ ነው። እሱም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ የኬክ ካርቶን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ድንቹ ተቆርጦ ሲያልቅ እናገራለሁ እያለ ቁጭ ብሏል። አርጊሮ ቤት የለችም፤ እናትየው እንዳሉት እንግዳ ልትቀበል አደባባይ ወርዳለች።

"ድንች እኮ ማሪጎዬ አያስቸግርም። ርዝመቱን አራት ቦታ ትቆርጪዋለሽ፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት… ዘይቱን አትሰስቺ፣ የራሳችን ወይራ ነው። የደረቀውን የኦሬጋኖ ቅጠል በመዳፍሽ እሽት እሽት አድርጊና በትኚው። ውኃውን ደግሞ በትሪው ጥግ በኩል ቀስ አድርገሽ ጨምሪ፤ ከላይ ካፈሰስሽው ቅመሙን አጥቦ ይወስደዋል። ከዚያ በአንድ ሰዓት ከሩብ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ከሩብ! እኔ በሕይወቴ ዓመት የሚፈጅ ድንች አላጋጠመኝም… እንዲያው ነው ያልኩት፣ ምን አፈጠጥሽ?"

እትዬ ማሪጎ አላፈጠጡም፤ አፋቸው ዳቦ ሞልቶት ያኝካሉ። ያፈጠጠው ሳራንቶስ ነው። ድንቹ ተቆርጦ አልቋል። ትሪው ኦቨን ሲገባ እናገራለሁ አለ በሆዱ።

"እኔ መቼም ታጋሽ ሰው ደስ ይለኛል። አንድ የማውቀው ሰው አለ… አንቺ አታውቂውም። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! አይቸኩል፣ አይንቀለቀል። መኪናውን ሲነዳ ቀይ ሲበራ ይቆማል፤ አረንጓዴ ሲበራም ይቆማል። ከኋላው ጥሩምባ ሲነፉበት እንኳ አይቆጣም፣ እጁን አውጥቶ በፈገግታ ሰላም ይላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ወዳጅነቱስ ብትይ! ዝናብ ቢጥል፣ በረዶ ቢጥል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቀርቶብኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሲመጣ እንጨት ነበር የሚያህለው፣ ሲያዩት የሚሰበር። ዛሬ ቢያዩት ሦስት ሰው አክሏል። በእጄ ነው እንዲህ ያማረበት ብዬ እኮራለሁ። ታዲያ ምን ያደርጋል ማሪጎዬ… ከሦስቱ አንዱ እንኳ አፍ አላወጣም።"

ሳራንቶስ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። እዚህ ቤት ተበልቶ የተገኘ ሆድ ነውና ሊክደው አልቻለም። ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ስታማታ ቀና ሳይሉ የመጠጥ ውኃውን ጆግ ወደ እሱ ገፋ አደረጉና ሎሚ አነሡ።

"ሎሚውን አሁን የሚጨምሩ አሉ። ስህተት ነው! እኔ ማብቂያው ላይ ነው የምጨምረው። ሎሚ ቀድሞ የገባበት ድንች አይተሽ ታውቂያለሽ? ከላዩ ወርቅ ይመስላል። ጠረኑ ሰፈሩን ያውዳል። ያየሽ ሁሉ 'አቤት ዕድልሽ!' ይልሻል። ነክሰሽ ስታዪው ግን ውስጡ ጥሬ። እሳት ብትጨምሪበት ወይ ፍንክች! ይኼኛው ጎኑ ይሆን፣ ያኛው ጎኑ ይሆን እያልሽ ስትገለብጪው ክንድሽ ይዝላል። እንዳትጥዪው ስንት ዘይት ጠጥቷል… እንዳትበዪው አልበሰለም። ምን ይደረጋል? እንዲያው ሳህኑ ላይ ታስቀምጪውና ታዪዋለሽ።"

ትሪውን አንሥተው አስገቡ፤ የኦቨኑን በር ገፋ አደረጉት። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ሳራንቶስ ክው አለ። ይሄ በር ሦስት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ አያውቅም። በሩን የሚስበው ሞላ ተሰብሮ፣ እትዬ ስታማታ ድንች በጠበሱ ቁጥር ወንበር ነበር የሚያስደግፉት። ሞላውን ከሱቄ አመጣለሁ ያለው ራሱ ሳራንቶስ ነው። ወንበሩስ? ቁልቁል ሲያይ፣ እሱ ራሱ ተቀምጦበታል።

"ሰማሽው ድምፁን? ጠቅ! ለካ አንዲት ሞላ ኖራለች። እዚሁ እኛው መንደር በአንድ ሱቅ፣ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለች ይሉኛል። ባለሱቁ ደግሞ ምን ያለ ቃሉን አክባሪ መሰለሽ! 'አመጣለሁ' አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቀን 'አላመጣም' ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ማክሰኞ ለት ከስፓርታ ጠጋኝ አስመጣሁ። ፎቲስ ይባላል። አጭር ነው፣ መልክም ያን ያህል የለውም፣ ሸሚዙ እንደ አንዳንዶቹ የተተኮሰ አይደለም። በአርባ ደቂቃ ገጠመውና 'እንሞክረው' ብሎ ድንች አስጠበሰኝ። ሁለት ሳህን በላ። አርጊሮ ሦስተኛ ልትጨምርለት ስትል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እትዬ፣ ልጅዎ ባል አላት?' እኔ ምን ልመልስ? ዞሬ ልጄን አየኋት። እሷ ዞራ መስኮቱን አየች… ይሄን ሱቆቹን የሚያሳየውን መስኮት። ብዙ ቆየች ማሪጎ። ከዚያ 'የለኝም' አለችው፣ ቀስ ብላ። እኔ እናቷ አይደለሁ? እንዲያ ቀስ ብላ ስትናገር አንጀቷ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። 'እሑድ ምሳ ና፣ መልሴን እነግርሃለሁ' ብላ ሸኘችው። እሑድ እንግዲህ ዛሬ ነው።"

ሳራንቶስ ጠረጴዛውን አየ። ሳህኖቹ አምስት ናቸው። ሲገባም አምስት ነበሩ፤ የቆጠረ ሰው ግን አልነበረም። አርጊሮ መስኮቱ ጋ ቆማ ሱቁን ስታይ በሐሳቡ ታየችው። ያንለት እሱ ሱቁ ውስጥ ብሎን በየመጠኑ እየለየ ነበር።

እትዬ ስታማታም ይሄኔ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ወንበር ሳቡ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጡና አዩት። ሲያዩት ክፋት የለባቸውም። እውነቱን ለመናገር ይወዱታል፤ የቱንም ያህል ቢነድዱበት ቀላ ብሎ የተጠበሰውን ድንች ሁልጊዜ ለእሱ ነው የሚያወጡት። ፎቲስን አንድ ቀን ነው ያዩት፣ ይሄንን ግን ሰባት ዓመት አብልተውታል። ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ፣ እያሉት ነበር በዓይናቸው። ትሪው ይንጣጣል፣ ጠረኑ ቤቱን ሞልቶታል፣ እትዬ ማሪጎ እንኳ ማኘካቸውን ትተዋል። ደቂቃው ሄደ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት… እትዬ ስታማታ ተነሥተው ድንቹን አንድ ጊዜ ገለበጡት፣ ተመልሰው እዚያው ቦታ ተቀመጡ። ከሳራንቶስ ግንባር ላብ ይወርዳል።

በመጨረሻ ተነሣ! የኬክ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አፉን ከፈተ። እትዬ ስታማታ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከአፉ የወጣው ግን ድንቹ ሎሚው አሁን ቢጨመርበት ጥሩ ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ነበር። ብሎትም ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ ይሻላል አለ በሆዱ፣ ሰው ሲጠግብ ነገር ይቀለዋል።

ከእትዬ ስታማታ ፊት ላይ ያ ተስፋ ጠፋ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። ሎሚውን ጨመቁበት፣ ጥቂት ጠብቀው ትሪውን አወጡ። ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ተሰማ፤ አርጊሮ ትስቃለች፣ እንደዚያ ስትስቅ ሳራንቶስ ከሰማት ቆይቷል። እናትየው ከትሪው ጥግ ጥግ ጠርዙ ቀላ ያለውን እየመረጡ የመጀመሪያውን ሳህን ሞሉና ፊቱ አስቀመጡለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሪጎን ትተው ወደ እሱ ጎንበስ አሉ፣ ጭንቅላቱንም ደባበሱት።

"ብላ የኔ ጌታ፣ ትኩሱን ብላ! እግዜር ይባርክህ፤ ሰባት ዓመት ከዚህ ቤት ስትገባ ስትወጣ ክፉ ቃል ከአፍህ አልሰማሁም… ምንም ቃል አልሰማሁም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ለአንተም ቀኑ ሲመጣ እንድናይ ለእኛ የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠን። እስከዚያው ደግሞ እጅህ የረጋ ነው፣ አይቸኩልም… ለአርጊሮዬ ሠርግ በሰላም ያድርስህና፣ አክሊሉን ከእሷ ራስ ወደ ሙሽራው፣ ከሙሽራው ወደ እሷ ሦስት ጊዜ የምታዛውር ሚዜ ያድርግህ! አሜን በል እንጂ ልጄ… አሜን በላ!"