ለአማት የተጻፉ ደብዳቤዎች

ቄስ መርስዔ ኃዘን ልባቸው ገር፣ ቁጣቸው ግን ፈጣን ነበር። በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ግንቦት ወር በአንዱ ቀን ከመሐል ሜዳ ፖስታ ቤት ሲወጡ ቁጣቸው ቀድሟቸው ስለ ነበር፣ ደጃፉ ላይ የቆመችውን መምህርት ኮከብን ሳያዩ ሊያልፏት ምንም አልቀራቸውም።

«አባ፣ ይፍቱኝ እንጂ! ምን አስከፋዎት?» አለች ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። ኮከብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ሰዎች ቅጽ የምትሞላ፣ እሳቸው ያጠመቋትና የቤተሰቧ የንስሐ አባት የሆኑላት ወጣት ናት። «አማቼ ስንታየሁ ነው ያስከፋኝ። ባሕር ተሻግሮ ተማረና ሥርዓታችንን ረሳ።»

ስንታየሁ የደጋውን የጓሳ ሣር ሲያጠና ኖሮ፣ የአራት ዓመት ትምህርት አግኝቶ ኖርዌይ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሚስቱ ትሕትና የቄሱ የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ እሱ እስኪመለስ አባቷ ቤት ተቀምጣለች። ልጅቱ ከስታለች፤ ጨዋታም ትታለች። አባቷ እስከ ፋሲካ ድረስ «ከጾሙ ነው» ይሉ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ግን የሚያሳብቡበት አጡ።

ኮከብ ሻይ ቤት አስገብታ አስቀመጠቻቸውና ነገሩን ጠየቀች።

«ለቪዛ ይፈለጋልና ጋብቻችንን ማዘጋጃ ቤት አስመዝግቡልኝ ይላል!» አሉ ቄሱ። «ውክልናም ፈርሞ ልኳል። እኔው ራሴ በቁርባን ያጋባኋቸውን! ሥጋ ወደሙ ባሰረው ላይ የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ሊጨመር? ወረቀት የሚፈራረም ሰው እኮ ፍቺን ያሰበ ነው።»

«አባ፣ ሕፃን ሲያጠምቁ ስሙን በመዝገብ ይጽፉ የለም እንዴ?»

«እጽፋለሁ።»

«መጻፍዎ ጥምቀቱን ያሳንሰዋል?»

«ምን በወጣው! ለምስክር ነው እንጂ።»

«ይኸም ለምስክር ነው። ሕጉ የቤተ ክርስቲያኑን ጋብቻ ይቀበላል፤ እንደ አዲስ አያጋባቸውም። እርስዎ ያጋቡትን ይመዘግባል፣ በቃ። ትሕትና ወደ ባሏ እንድትሄድ ቪዛ የሚሰጣት የኖርዌይ ሹም ግን እርስዎን አያውቅዎትም።»

«አያውቀኝም?» አሉ ቄሱ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል የማያውቃቸው አልነበረምና። «ሌላ መንገድስ የለም?»

«አለ። ለጉብኝት ብላ ብትጠይቅ ጥቂት ጊዜ ቆይታ መመለስ ነው፤ ያውም ትመለሳለች ብለው ካመኑ። በራሷ ለትምህርት እንዳታመለክት፣ መጀመሪያ ተቀባይ ትምህርት ቤት ማግኘት አለባት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የተማሪ ሚስት ሆና የምትሄድበት ቪዛ ግን ባሏ እስኪጨርስ አብራው ያኖራታል። የጋብቻ ማስረጃ፣ ማደሪያ ቤትና መተዳደሪያ ይጠየቃል። ደግሞ በእውነት ባልና ሚስት መሆናቸውን ማየት ይፈልጋሉ።»

«በእውነት ማለት?»

«ለቪዛ ብለው ብቻ የሚጋቡ ስላሉ ይጠራጠራሉ። ፎቶግራፍ ያያሉ፤ የተጻጻፉትን ደብዳቤ ያያሉ።»

የቄሱ ፊት በራ። «ደብዳቤማ ሞልቶ!» ብለው የዳዊታቸውን ማኅደር ፈቱና ሰባት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የዛሬውን ከነቁጣቸው ከላይ አደረጉት።

ኮከብ አንድ በአንድ አነበበች። «ይድረስ ለክቡር አባቴ ለቄስ መርስዔ ኃዘን፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደኅና ነኝ…» ይላል አንዱ። ሌላውም እንደዚያው። ስለ ገብሱ ይጠይቃል፤ ስለ ጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ቦራ የምትባለው በቅሎ እግሯ ተሽሏት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሁሉም «ለቤት ሰዎች ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ» ብሎ ያበቃል። ስንታየሁን አንፍረድበት። በአማት ፊት የሚስትን ስም መጥራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱን ጫፍ አደረሰውና ሚስቱን ከደብዳቤው አወጣት።

ኮከብ ከንፈሯን ነከሰች። «አባ፣ አይቆጡኝ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ቪዛ የሚሰጥ ከሆነ የሚሰጠው ለእርስዎ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«በሰባቱም የናፈቀው እርስዎን ነው። ቦራ እንኳ ሁለት ጊዜ በስሟ ተጠርታለች። ትሕትና ግን አንድም ቦታ የለችም።»

ቄሱ ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ቆመ። ደብዳቤዎቹን ሰብስበው ወደ ማኅደሩ ሲመልሱ እጃቸው ዘገየ፤ ሻያቸውንም ሳይጠጡ ተነሡ።

ቤት እንደ ደረሱ ልጃቸውን ጠሩ። «ለብቻሽ የጻፈልሽ ደብዳቤ አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ በምን ተጽናናሽ?»

ትሕትና መሬት መሬት አየች። «እርስዎ ሲያነቡ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ‹የቤት ሰዎች› የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ እኔን ነው እላለሁ።»

 ቄስ መርስዔ ኃዘን ልጃቸውን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከባሏ የለያት ባሕሩ ብቻ አለመሆኑን ያን ዕለት ዐወቁ።

በማግሥቱ ቦራን ጭነው፣ ልጃቸውን አስከትለው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። «ያጋባኋቸው እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ፤ የምስክር ወረቀቱንም ተቀበሉ። ከዚያ ፖስታ ቤት ገብተው ቆመው ጻፉ፦ «ልጄ ስንታየሁ፣ ያዘዝኸው ወረቀት ወጥቷል። ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፍ። ሚስት አለችህ፤ ስሟ ትሕትና ነው። ናፍቆትህን በስሟ ጻፍላት። እኔ አላፈርሁም፤ አንተም አትፈር። ቦራ ድናለች።»

እሑድ በሰንበቴ ላይም ለምእመናኑ እንዲህ አሉ፦ «በቁርባን ያሰራችሁትን በመዝገብም አስጽፉ። መዝገቡ ቅዱሱን አያረክሰውም። ባል ቢሞት ሚስቱን ከክርክር ያድናታል፤ ለልጅ አባቱ ማን እንደ ሆነ ይመሰክርለታል፤ ርቆ የሄደም ሚስቱን እንዲጠራ መንገድ ይከፍትለታል። እኔ ይኸን ከመምህርት ኮከብ ተምሬአለሁ፤ እናንተም ከእኔ ተማሩ።»

ቪዛው በኅዳር ወጣ፤ ትሕትናም ሄደች። ዛሬ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ቄሱ የሚያወሩት ግን ስለ ቪዛው አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ ስላመጡት ፖስታ ነው። በላዩ «ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለትሕትና» የሚል ተጽፎበት ነበር። ያን ሁሉ የጭቃ መንገድ ከዳዊታቸው ጋር በማኅደር ይዘው፣ ሳይከፍቱት አምጥተው ሰጧት። እሷ ጓዳ ገባች፤ እሳቸው ውጭ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ስትስቅ ሰሙ፤ ቀጥሎ ስታለቅስ ሰሙ፤ ደግሞ ስትስቅ። አላስችል ሲላቸው ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትሕትና፣ ለእኔስ ሰላምታ አለበት?»

«አለበት፣ አባባ፤ መጨረሻው ላይ።»

«ምን ይላል?»

«‹ለቤት ሰዎች› ይላል።»

«እኔን ነው» አሉ ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ ደስ ብሏቸው።