ታቹ የሚታይ ውሃ

በየቀበሌው የአምራቾች ማኅበር በተቋቋመበት ሰሞን፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄድ አውቶቡስ ነበርሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ጀሪካን ታቅፈው፣ ለጠማን ሁሉ በጣሳ እየቀዱ ያዞራሉ። አጠገባቸው ያለው የማኅበር ገበሬ ጠየቃቸው።

«እንዲህ ጥርት ያለ ውሃ ከየት ተገኘ፣ እማማ?»

«ከኩሬያችን ነዋ! ያ ላዩን የሚሸፍነው አረንጓዴ ዘንድሮ ለቀቀልን። ድሮ በእንስራ ቂጥ ገፋ እያደረግን ነበር የምንቀዳ። አሁንማ ታቹ ይታያል። አልሀምዱሊላህ ብለን፣ ዱዓ አድርገን ፍየል አረድን።»

«ኩሬው ከማኅበሩ ማሽላ ግርጌ ያለው ነው?»

«እሱ ነው።»

«ማሽላው ላይ የአረም መድኃኒት ረጭተን ነበር። በማግስቱ ያ ዶፍ ዝናብ ወረደ።»

«እና?»

«አረሙን የገደለው ነዋ አረንጓዴውንም የገደለው። እንቁራሪት ይጮኻል አሁን?»

«ኧረ የለም። ተገላገልን ብለን ነበር።»

«አረንጓዴውን በልቶ የሚያድገው ሁሉ አብሮ አለቀ ማለት ነው። አይጠጡት፣ እማማ።»

«ሌላ ውሃ አሳየኝና ልተወው።»

ገበሬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ተናገር እንጂ! ከየት ልቅዳ?»

«ምን ልበልዎ? የእኛም ሰፈር ኩሬ ጠርቷል። ልጆቼ እሱን ነው የሚጠጡ።»

«ያ ረቢ! ይሄን እኮ ለአራሷ ልጄ ነው የምወስድላት። የጎብዬው ውሃ ድፍርስ ነው ብላኝ።»

እኔ ሁለተኛ ያስቀዳሁትን ሳልጠጣ፣ በውሃው ውስጥ የጣሳውን ታች እያየሁ ጎብዬ ደረስሁ።