የአጋዘኑ ዕጣ ለሚስት ወጣ

በአርሲ ተራሮች አንድ አናት ላይ፣ ብርዱ ገና ባልለቀቀ ማለዳ፣ በግ ነጋዴው አቶ ይርዳውና ባለቤቱ ወይዘሮ አሰገደች ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ በደረታቸው ተኝተው ይንሾካሾካሉ፤ ጠመንጃው ያለው እሷ እጅ ነው።

ይርዳው፦ አንዴ ብቻ ስጪኝ አልኩሽ! አንዲት ጥይት። የዱር እንስሳት ጠባቂው ገመቹ እንደሆነ በቅሎዎቹን ይዞ ታች ወንዙ ዳር ቀርቷል። ተኩሱን ይሰማል እንጂ የተኳሹን መልክ ከየት ያያል?

አሰገደች፦ ገመቹ ባያይ እኔ አያለሁ። የአደኑ ፈቃድ የወጣው በማን ስም ነው?

ይርዳው፦ ባንቺ።

አሰገደች፦ አልተሰማኝም።

ይርዳው፦ ባንቺ፣ ባንቺ! ምነው ባልጨመርኩሽ! ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ ለአጋዘን አደን ዕጣ ስመዘገብ ኖሬ አንድ ቀን ስሜ አልተጠራም። ዘንድሮ ለማሟያ ያህል ያንቺን ስም ባስገባ፣ ዕጣው እኔን ዘሎ አንቺ ላይ አረፈ። ዕጣም እንደ ሰው ያዳላል ማለት ነው?

አሰገደች፦ ለማሟያ? እንግዲያው ማሟያዋ ጠመንጃውን ይዛለች። ዋናው ሰውዬ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይያዝ።

ይርዳው፦ ሳቅሽን ቀንሺ፣ አውሬው ይሰማል። እስቲ አስቢው አሰጉ፤ ፈቃዱ ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ ያበቃል። ሌላ ዕጣ እስኪወጣልን እኔ አፈር ለብሻለሁ። አያቴ ገዳይ፣ አባቴ ገዳይ፣ እኔ በግ ነጋዴ! ያ አዳኝ ነኝ ባዩ ተሰማ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?

አሰገደች፦ "ይርዳው ዕጣ እንጂ አጋዘን አድኖ አያውቅም" አለህ።

ይርዳው፦ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ሬሳ ሳይወጣ!

አሰገደች፦ እኔም ስቄያለሁ።

ይርዳው፦ አንቺም?

አሰገደች፦ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነው። ሐዘንተኞቹን አክብሬ።

ይርዳው፦ እንግዲያው ካሺኝ! ጠመንጃውን ወዲህ በይ። በአደባባይ "አሰገደች ገደለች" እላለሁ፤ እኔ ጭጭ።

አሰገደች፦ አንተ? ጭጭ? ሳንጋባ ለገደልካት ጃርት ዛሬም በየሠርጉ እየተነሣህ ትፎክር የለም ወይ?

ይርዳው፦ ትልቅ ጃርት ነበረች።

አሰገደች፦ በየዓመቱ እያደገች ነው፤ አምና ነብር ልታክል ምንም አልቀራት። ስማኝ ይርዳው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱ የኔን ስም ይዟል።

ይርዳው፦ ሞኙስ?

አሰገደች፦ ሞኙ አጠገቤ ተኝቷል።

ይርዳው፦ ስደቢኝ፣ ግድ የለም። ብትስቺውስ ግን? ይሄ እኮ ድንች ማሳ የገባ ከርከሮ አይደለም።

አሰገደች፦ የአባቴን ድንች ከከርከሮ ያተረፈው ማን ሆነና? ወንድሞቼ ማማው ላይ ሲያንኮራፉ ያንን የሽማግሌ ምንሽር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ትከሻዬ ያስታውሰዋል። ጓሮ ቅል ሰቅለህ ያስተኮስከኝ ጊዜስ? ስንቱን ሳትኩ?

ይርዳው፦ ቅል አይሮጥም።

አሰገደች፦ አንተ ግን የማይሮጠውንም ስተኸዋል። የጎረቤት አጥር ነው የመታኸው።

ይርዳው፦ ነፋስ ነበር! ደግሞ ያ አጥር… ዝም! ዝም በይ!

አሰገደች፦ ምን አየህ?

ይርዳው፦ ያውልሽ! አውራው! ከጅረቱ ማዶ፣ ገደሉ ሥር። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሞ… ቁመቱን አየሽው? ኩራቱን አየሽው? ቀንዱ ሰማይ ሊነካ ነው!

አሰገደች፦ ከነጩ ድንጋይ በስተቀኝ ያለው?

ይርዳው፦ እሱ! እሱ ነው! አምላኬ፣ ንቅንቅ አይልም እኮ።

አሰገደች፦ እውነትህን ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እንደ ጅብራ ተገትሯል።

ይርዳው፦ ልክ እንደ ጅብራ!

አሰገደች፦ ጅብራ ነዋ።

ይርዳው፦ ምን?

አሰገደች፦ ጅብራ። ተክሉ። አናቱ ላይ ወፍ ተቀምጣበታለች።

ይርዳው፦ …መነጽሩን ጉም ይዞት ነው።

አሰገደች፦ ትናንትስ? "አውራው ወርዶ ውኃ እየጠጣ ነው፣ እንዳትተነፍሺ" ብለህ ጭቃ ላይ አስተኛኸኝ። የገመቹ በቅሎ ነበረች።

ይርዳው፦ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?

አሰገደች፦ ኮርቻዋን እስክታይ እየጠበቅኩ ነበር።

ይርዳው፦ ጉድ እኮ ነው! ባልሽ በደረቱ ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ አንቺ እያወቅሽ…

አሰገደች፦ ባለፈው ገበያ ደግሞ በግ ገዛሁ ብለህ ፍየል እየጎተትክ መጣህ። በግ ነጋዴ! እህቴን በራችን ላይ ስታገኛት "አባ እንዴት አደሩ" ብለህ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አልክ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ እሷ ግን እስካሁን አኩርፋናለች። አሁን ሳቁን እንተወውና ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይርዳው፦ …ከክረምቱ ወዲህ። የተራራ ጭጋግ መስሎኝ ነበር። ይገፈፋል ስል ተከትሎኝ ቤት ገባ።

አሰገደች፦ ለምን ደበቅከኝ?

ይርዳው፦ ብነግርሽ ሐኪም ቤት ልትጎትቺኝ! ዓይንን ያህል ነገር በቢላ… አይሆንም! ደግሞስ ምን ብዬ ልንገርሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት አጋዘን ሲመጣ ላየው አልችልም ብዬ? ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የኔስ ወተቷ ቀርቶ ላሚቱም አትታየኝ።

አሰገደች፦ ታዲያ "ስጪኝ፣ ስጪኝ" የምትለው ምኑን ልትተኩስ ነው?

ይርዳው፦ ጥቁር ጥቁር የሚለውን።

አሰገደች፦ ታች ወንዙ ዳር ጥቁር በቅሎዎችና ገመቹ አሉ እኮ!

ይርዳው፦ ገመቹ ቀይ ነው።

አሰገደች፦ ሞቴን! እሱን ለይተሃል?

ይርዳው፦ ድሮ ያየሁትን አስታውሼ ነው። እሺ አንቺስ? ዓይኔን ካወቅሽብኝ፣ ጉልበትሽን እያመመሽ ይህን ዳገት ምን ልትፈልጊ ወጣሽው? ፈቃዱን ትተሽው መቅረት ትችዪ ነበር።

አሰገደች፦ አንተ "ተራራው፣ ተራራው" ስትል፣ እኔ ስንቅ ቋጥሬ ከበር ላይ ስሸኝህ ኖርኩ። ከገዳይ ጓደኞችህ ጋር ባዶ እጅህን ተመልሰህ እንኳ ፊትህ ያበራ ነበር። እስቲ እዚያ ምን አለ ልየው ብዬ ነው።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን አለ?

አሰገደች፦ ብርድ አለ።

ይርዳው፦ ሌላስ?

አሰገደች፦ …ያምራል። ጥላው ከሸለቆው ሲለቅ፣ ሣሩ ላይ ጤዛው ሲያብለጨልጭ። ቀድመህ ልታመጣኝ ይገባህ ነበር።

ይርዳው፦ ብታማርሪ ብዬ ፈርቼ… እሽ! ስሚ። ድንጋይ ተንከባለለ።

አሰገደች፦ እኔ አልሰማሁም።

ይርዳው፦ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። በግራ በኩል፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ። ቀስ ብለሽ ዙሪ። አፈሙዙ ቋጥኙን እንዳይነካ።

አሰገደች፦ አየሁ። እንስት ናት። ሌላም አለች… ግልገልም ተከትላታለች።

ይርዳው፦ ተያቸው። እንስት ከነካን ወኅኒ ነው የምንወርደው። እሱ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚወጣው፤ ሚስቶቹን አስቀድሞ፣ አደጋ አለመኖሩን አረጋግጦ።

አሰገደች፦ የወንድ ነገር የትም አንድ ነው።

ይርዳው፦ ነፋሱስ?

አሰገደች፦ ፊቴን እየመታኝ ነው።

ይርዳው፦ ጎሽ፤ ጠረናችን አልደረሳቸውም። ዝም ብለሽ ጠብቂ።

አሰገደች፦ ይርዳው…

ይርዳው፦ ወጣ?

አሰገደች፦ የጌታ ያለህ! ወጣ።

ይርዳው፦ ንገሪኝ! እንዳለ ንገሪኝ፤ ምንም እንዳታስቀሪ። ቀንዱስ?

አሰገደች፦ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጥቷል። ጫፉ ነጣ ነጣ ይላል፤ የግራው ሽርፍ ነው። አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት አለበት፣ ጀርባው ላይ ሽበት የገባው ጋማ። ጎኑ ላይ ጠባሳ ይታየኛል፣ ሌላ ወንድ ወግቶት መሆን አለበት። ቆሞ እንስቶቹን ያያል። አይቸኩልም።

ይርዳው፦ እሱ ነው። ያረጀው ወንድ። ፈቃዱ የሚለው እሱን ነው። ወይኔ ይርዳው!

አሰገደች፦ አሳዘነኝ። አንተን መሰለኝ።

ይርዳው፦ በቁመናው?

አሰገደች፦ በሽበቱ።

ይርዳው፦ አታስቂኝ! ሰደፉን ትከሻሽ ላይ አጥብቂ። አቀባብለሻል?

አሰገደች፦ አቀባብያለሁ። ብስተውስ ግን? እንካ አንተው…

ይርዳው፦ ምኑን እንካ! እኔ ጅብራ ነው የምገድልልሽ። ተንፍሺ። ግማሹን አውጪ፣ ግማሹን ያዢ። ጎኑን ሰጠሽ?

አሰገደች፦ ግልገሏ መሐል ገባች።

ይርዳው፦ ጠብቂያት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሰገደች፦ እጅህን ከጀርባዬ ላይ አንሣ።

ይርዳው፦ እሺ።

አሰገደች፦ አይ፣ ተው… ይቆይ።

ይርዳው፦ ግልገሏስ?

አሰገደች፦ አለፈች።

ይርዳው፦ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ዝቅ ብሎ። ምላጩን አትመንጭቂው፣ በቀስታ…

አሰገደች፦ አሁን ዝም በል።

ይርዳው፦ ዝም ብያለሁ።

አሰገደች፦ አፍህ ነው ዝም ያለው፤ ልብህ መሬቱን እየደለቀው ነው።

ይርዳው፦ ልቤን ምን ላድርገው እንግዲህ፣ እኔ ያላዘዝኩትን… እናቴ! ጆሮዬን! ተኮስሽ እንዴ? ተኮስሽ እኮ! ወደቀ?

አሰገደች፦ ሮጡ። ሁሉም ሮጡ ይርዳው።

ይርዳው፦ እሱስ? እሱን ንገሪኝ!

አሰገደች፦ እሱም ሮጠ… አስታው ጋ ደረሰ… ቆመ።

ይርዳው፦ ድገሚው! ቶሎ በይ!

አሰገደች፦ ቆይ። አያስፈልግም። ተንበረከከ።

ይርዳው፦ ተንበረከከ?

አሰገደች፦ ተኛ። አንገቱን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ይርዳው፦ …ምነው? ታለቅሻለሽ እንዴ?

አሰገደች፦ ብርዱ ነው። አንተስ?

ይርዳው፦ ጭሱ ነው።

አሰገደች፦ የምን ጭስ?

ይርዳው፦ የባሩድ… ተይኝ እስቲ! ዘራፍ! ዘራፍ!
ዘራፍ የአሰጉ ባል፣ የተኳሿ ጌታ፣
ከጎኗ የተኛ ስትስበው ቃታ!

አሰገደች፦ "የተኛ" ብለህ ነው የምትፎክረው? ይህን ተሰማ ቢሰማ…

ይርዳው፦ ይስማ! በድንኳኑ መሐል ቆሜ "አንተስ ሚስትህ ምን ገደለችልህ?" እለዋለሁ። መልስ ካለው ይምጣ!

አሰገደች፦ ድምፅህን ቀንስ፤ ገመቹ እያፏጨ ነው። መምጣቱ ነው።

ይርዳው፦ ይምጣ፣ ይየው! ገመቹ ሆይ፣ ና ውጣ! ገዳይቱን ተመልከት! …ደግሞ ወግ አለን፤ ገዳይ ሳይሸለም ከተራራ አይወርድም። አባቴ ለአጎቴ ጊደር ሸልሞታል። ጠይቂኝ አሰጉ፣ የፈለግሽውን።

አሰገደች፦ የፈለግሁትን?

ይርዳው፦ በአባቴ አጥንት!

አሰገደች፦ እንግዲያው ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ይርዳው፦ ምን? ትከሻሽን መታሽ እንዴ?

አሰገደች፦ የዓይን ሐኪም ቤት። አብረን። ከዚህ እንደወረድን።

ይርዳው፦ ኧረ በሕግ! ሽልማት ጠይቂ ስልሽ ዓይኔን ትጠይቂኛለሽ? ጊደር ይሻልሻል። እሺ፣ የምትታለብ ላም! ከነጥጃዋ! ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ…

አሰገደች፦ ቦቃዋን ከቡላዋ ማን ሊለይልኝ ነው?

ይርዳው፦ ገመቹን ይዤ እሄዳለሁ።

አሰገደች፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ እያሰብኩ ነው።

አሰገደች፦ አሁን ወርደን ስናገኘው በእጅህ ትዳስሰዋለህ፤ ቀንዱን፣ ሽርፉን፣ ጋማውን። እኔ ግን እንድትዳስሰው አልነበረም የተኮስኩት። ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ከተጋደምክበት ቀና ብለህ እንድታየው ነው። ተነሥ። እጄን ያዝ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።

ይርዳው፦ አሰጉ።

አሰገደች፦ ወይ?

ይርዳው፦ የትኛውን ዓይን ነው የሚያስቀድሙት?