ያልተቀባ ጣት

ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም። ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች። እጇን እንሶስላ ተቀብታ ጥፍሮቿ ቀልተዋል። ባለቤቴም ልትወልድ ስትገባ እንዲሁ ተቀብታ ነበር። ኦፕራሲዮን ላይ ሳለች ጣቷ ላይ ያደረጉላት የኦክስጅን መለኪያ ሲጮህ፣ «እንሶስላው ነው የሚያሳስተው» ብለው ድምፁን ዘጉት። ኋላ የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። መለኪያው አልተሳሳተም ነበር። ልጄን ታቅፌ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሴትየዋ ማፍጠጤን አይታ፣ «ወንድሜ፣ እጄ ላይ የጠፋብህ ነገር አለ?» አለችኝ። ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። «ቀለሙ አምሮብሻል» ብቻ አልኳት።

ሳቀችና ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ሌባ ጣቷ አልተቀባም። «ነገ በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው። ክትትል ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ አንዱን ጣትሽን ተዪው፣ መለኪያው ሲጮህ በቀለሙ እንዳያሳብቡ አለችኝ። የሷ ጣቶች ግን ሁሉም ቀይ ናቸው።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«ቀጭን፣ ፍንጭት። ባለቤቴ ሊነግርሽ ይፈልጋል፣ ግን ያፍራል ብላ ሳቀች። ባሏን እንኳ አላየሁትም።»

ባለቤቴ ፍንጭት ነበረች።

18 ማዞሪያ ላይ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ። ሴትየዋ ልትወርድ ስትነሳ ነው አፌ የተፈታው።

«እህቴ፣ መለኪያውን ያልተቀባው ጣትሽ ላይ እንዲያደርጉት ነገ ለሐኪሞቹም ንገሪያቸው» አልኳት። «እንዳታፍሪ።»