የአባባ ሰብሩ ምሰሶ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ቡታጅራ። አንድ የጣሊያን ሻምበል የአባባ ሰብሩን ትልቁን ሳር ቤት ቀምቶ ገባበት፤ ሽማግሌውን ከነቤተሰባቸው ወደ ጓሮ ጎጆ አወጣቸው። ቀጥሎ ረጅም ጠረጴዛ አስመጣ። ጠረጴዛው መሃል ቤት ካለው ምሰሶ ጋር ተጋጨ። አናጺ ነበርኩና ተጠራሁ። «ይቆረጥ ብለዋል» አለኝ አስተርጓሚው። «ወጋግራው ሁሉ የተደገፈው እሱ ላይ ነው፤ ቤቱ ይወድቃል» አልኩ። «በእነሱ አገር ቤት መሃል ግንድ አይቆምም። ወይ ቁረጥ፣ ወይ ጅራፉን ቅመስ።» መጥረቢያዬን አነሳሁ። ጀርባዬ ካለፈው ግርፋት ገና አልሻረም ነበር። የሰው ቤት ከማፍረስ መገረፍ ይሻላል የሚል ሰው ተገርፎ አያውቅም።

አባባ ሰብሩ ቤቱን በጉልምስናቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ነው የሠሩት። በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ይለምናሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ። «ይቁረጥ፣ ግድ የለም። ብቻ በእኛ ወግ ምሰሶ ሲቆረጥ የቤቱ ጌታ አቅፎት ይቆማል። አሁን የቤቱ ጌታ እሳቸው ናቸው፤ ይምጡና ይቀፉት» አሉ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሻምበሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ቀጥሎ መጥረቢያዬን አየ። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ይጠጋ አለ። ትእዛዙን የሻረ እንዳይመስልበት ደግሞ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ኖራ አስቀባኝ።

ስወጣ፣ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው» አሉኝ።